በጓሯችን ጥግ ያለው ባለ ሦስት ቀለም ቁጥቋጦ፦ ስሙን እስካገኝ የያዝኩት ማስታወሻ

የካቲት 23፣ 2017

ቢሾፍቱ ወደተከራየነው ቤት ከገባን ስምንት ቀን ሆነን። ጓሮው በእርምጃ ስለካው ስድስት በዘጠኝ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ማንጎ፣ ሁለት ፓፓያ፣ አጥሩ ላይ ቡገንቪሊያ፣ በረንዳው ሥር ጤና አዳም አለ። እነዚህን አውቃቸዋለሁ። ከውኃ ታንከሩ ጎን፣ ግንቡ ጥግ ያለውን ቁጥቋጦ ግን አላውቀውም።

ቁመቱ 1.40 ሜትር። ቅጠሉ ወፈር ያለ ነው፤ ከላይ ጥቁር አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ፣ ከታች ፈዘዝ ያለ። ጠርዙ ልሙጥ ነው፣ ጥርስ የለውም። ረጅሙ ቅጠል 11 ሴንቲ ሜትር ወጣ። ግማሽ ያህሉ ቅጠል ቢጫ ሆኗል፤ ደም ሥሩ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ቀርቷል። ውኃ የጠማው መስሎኝ አንድ ባልዲ አጠጣሁት።

አከራያችንን ደውዬ ጠየቅኳቸው። «እኔ ቤቱን ስገዛም ነበረ። ካስቸገራችሁ ቁረጡት» አሉኝ። ስሙን ሳላውቅ መቁረጥ ደስ አላለኝም። ደብተር ገዛሁ፣ 60 ብር።

የካቲት 26

ስልኬ ላይ ፕላንትኔት የሚባል፣ ተክልን በፎቶ የሚለይ አፕ ጫንኩ። የቅጠሉን ፎቶ ሳስገባ መጀመሪያ ጋርዴኒያ፣ ቀጥሎ ቡና አለኝ። ሁለቱም አይደሉም። የቡና ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ነው የሚወጣው፤ የጋርዴኒያም ቢያንስ ፊት ለፊት ወይም ሦስት ሦስት ሆኖ ነው። የዚህኛው አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ እየተፈራረቀ ይወጣል። ፎቶው ላይ ይህ አይታይም፤ ምክንያቱም ያነሳሁት አንድ የተቆረጠ ቅጠል ብቻ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ፎቶ ሳነሳ ቅጠሉ ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ይሁን።

መጋቢት 9

ትናንት ማታ የበልግ ዝናብ ጣለ። ዛሬ ጠዋት ቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ጠቆር ያሉ እምቡጦች አየሁ። የተጠቀለለ ጃንጥላ ይመስላሉ፣ ጫፋቸው ትንሽ የተጠማዘዘ። 31 ቆጠርኩ።

መጋቢት 14

አበበ። ደማቅ ሐምራዊ ነው። መሐሉ ላይ ትንሽዬ ነጭ ቀለበት አለች፣ ቀለበቷ መሐል ደግሞ መርፌ የሚያስገባ የምታክል ቀዳዳ። የፊቱ ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር፤ አምስት ቦታ ተከፍሎ ጠርዙ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ሞገድ ሠርቷል። ከኋላው ቀጭን ቱቦ አለው፤ ቱቦው አረንጓዴ ቆብ ውስጥ ገብቷል። ቆቡ ረዘም ያለ ነው፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል።

ጎረቤታችን እማማ በአጥሩ በኩል አይተው «የጃካራንዳ ዘመድ ነው ልጄ፣ ቀለሙን አታየውም?» አሉኝ።

መጋቢት 16

ዛሬ አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ሐምራዊም፣ ፈዛዛ ወይን ጠጅም፣ ነጭም አበባ አለ። ባለቤቴ «ሦስት ተክል አዳቅለው ነው» አለች። እኔም ግንዱን ዞሬ ዞሬ የተጣበቀበትን ጠባሳ ፈለግኩ። የለም። ከአንድ ግንድ፣ ከአንድ ሥር ነው የወጣው።

እንግዲህ ወይ እያንዳንዱ አበባ ቀለም ይቀይራል፣ ወይ ከመጀመሪያው የተለያየ ቀለም ይዞ ይወጣል። ይህን በግምት ሳይሆን በክር ነው የማጣራው።

መጋቢት 17 – 20

ከልብስ ስፌት ሳጥን ቀይ ክር ወሰድኩ። ዛሬ ጠዋት የፈኩ ስድስት አበቦች አንገት ላይ አሰርኩ። ሌሎች ሦስት ደግሞ ገና እንደፈኩ በካኪ ወረቀት ከረጢት ሸፈንኩ፤ ጸሐይ ነው እንዴ የሚያነጣቸው የሚል ጥያቄ ስለነበረኝ። በየቀኑ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እዚያው ቆሜ ፎቶ።

አንደኛ ቀን፦ ስድስቱም ደማቅ ሐምራዊ።
ሁለተኛ ቀን፦ ስድስቱም ፈዛዛ ወይን ጠጅ፣ ጠርዛቸው ቀድሞ የሳሳ።
ሦስተኛ ቀን፦ አራቱ ነጭ፣ ሁለቱ ነጭ ሊሆኑ ትንሽ የቀራቸው።
አራተኛ ቀን፦ ሁሉም ነጭ፣ አንዱ ረግፏል።

ከረጢቱን ስከፍት ውስጥ ያሉትም ነጭ ሆነዋል። በዘገየ መልክም አይደለም። ጸሐይ አጥቦት አይደለም ማለት ነው፤ ተክሉ ራሱ ነው ቀለሙን የሚያፈርሰው። ይህን ሳይ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አራት ዓመት ሙሉ በድስት ውስጥ ጄራኒየም ሳበቅል እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ማታ 2 ሰዓት ወጥቼ አሸተትኩ። ሽታ የለውም። ጠዋትም፣ ቀትርም ሞከርኩ። የለውም ብል ይቀለኛል። ጻፍኩት፣ ሊጠቅም ይችላል።

መጋቢት 24

ፎቶ ወደ አፑ አስገባሁ። እዚህ ላይ ሁለት ስህተት በአንድ ቀን ሠራሁ።

አንደኛው፦ ፎቶውን ቀትር ላይ፣ ነጭ የሆነውን አበባ፣ ከፊት ብቻ አነሳሁት። ጸሐዩ አቃጥሎት ነጭ ኮከብ ሆኖ ወጣ። አፑ ጃስሚን አለኝ፣ ቪንካ አለኝ፣ ሦስተኛ ላይ ብሩንፌልሲያ አለኝ።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ብሩንፌልሲያን ፈልጌ ሳነብ የድንች ቤተሰብ ነው ይላል። ድንች፣ ቲማቲም፣ በርበሬ፣ ትምባሆ፣ አስተናግር ያሉበት። ከትምህርት ቤት የያዝኳት አንድ እውቀት አለችኝ፦ የድንች ቤተሰብ አበባ አምስት ስታሜን አለው። ስታሜን ማለት የአበባውን ዱቄት የሚሸከመው ክር ነው። ስለዚህ አንድ አበባ ቀጥፌ ቱቦውን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቅኩት። ውስጡ ጠባብ ስለሆነ 350 ብር የገዛሁትን የእጅ ማጉያ መስታወት ተጠቀምኩ። ክሮቹ ጉሮሮው ላይ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል። አራት ናቸው። ሁለት ረጅም፣ ሁለት አጭር። ሌላ ሰነጠቅኩ፤ አራት። ሦስተኛ፤ አራት።

ብሩንፌልሲያ የሚለው ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር አሰመርኩበት።

ሚያዝያ 12

ሦስት ሳምንት ገደማ ከጃካራንዳ ዘመዶች ጋር አሳለፍኩ። የጃካራንዳ ቤተሰብ አበባ አራት ስታሜን፣ ሁለት ረጅም ሁለት አጭር ነው የሚል አንብቤ እማማ ልክ ናቸው ብዬ ነበር። ግን አንዱም ቅጠሉ አይመስልም፣ አንዱም ቀለሙን አይቀይርም። የጃካራንዳ ፍሬ ደግሞ ጠፍጣፋና ደረቅ ነው። የኔ ተክል ፍሬ ምን እንደሚመስል ገና አላየሁም። ፍሬውን እጠብቃለሁ።

ቢጫው ቅጠል ብሷል። ውኃ ጨምሬለት ነበር፣ ለውጥ የለም። አንድ ቆሻሻ ባልዲ ሙሉ የበሰበሰ የከብት ፍግ ጨመርኩ፣ 80 ብር። ለውጥ የለም።

ግንቦት 20

ፍሬ ይዟል። ክብ፣ አረንጓዴ፣ የሽንብራ እሸት የሚያህሉ። እያደጉ ነው። ለጊዜው እንደዚሁ ልተዋቸው፣ ሲበስሉ እከፍታቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር አሁን ሳነበው ይቆረቁረኛል።

ሰኔ 4

ይህን የምጽፈው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ነው።

ዛሬ 10 ሰዓት ላይ ከሥራ ስገባ ውሻችን ቡቺ ሊቀበለኝ አልመጣም። ቁጥቋጦው ሥር ተኝቶ አገኘሁት። ያነጥሰዋል፣ ያስለዋል፣ ከዚያ አስመለሰው። ሲነሳ የኋላ እግሩ እንደ እንጨት ደርቋል። ልጄ በሩን ገጭ አድርጋ ስትዘጋ ውሻው ከመሬት ዘለለ፤ መላ አካሉ ተንቀጠቀጠ። ድምፅ በሰማ ቁጥር እንደዚያ ይሆናል።

መርዝ የበላ ወተት ይጠጣል ሲባል ነው ያደግኩት። ግማሽ ሊትር ወተት በኃይል አፉ ውስጥ ላፈስ ሞከርኩ። ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ፣ ትን አለው። ባጃጅ ጠርቼ፣ 150 ብር፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኩት።

ዶክተሯ መጀመሪያ ያሉት ነገር ወተቱን ስለማቆም ነው። የሚንቀጠቀጥ እንስሳ አፍ ውስጥ ፈሳሽ ማፍሰስ ወደ ሳንባው ይገባል፤ ወተት መርዝ አያከሽፍም። ቀጥለው «ምን በላ?» አሉኝ። «አንድ ቁጥቋጦ ሥር ነበር» አልኩ። «ምን የሚባል ቁጥቋጦ?» ዝም አልኩ። ከሦስት ወር በላይ ደብተር ሙሉ ጽፌ ስሙን መናገር አልቻልኩም።

እሳቸው ባዩት ምልክት ተነስተው የሚጥል በሽታ ማስታገሻ ወጉት፣ ጉሉኮስ ሰቀሉለት። ሲረጋጋ መርዝ የሚመጥ የሕክምና ከሰል ይሰጡታል። ጨለማና ጸጥታ ያለበት ክፍል አስተኙት። «ሂድና የበላውን ነገር ከነቅርንጫፉ አምጣልኝ» አሉኝ።

ስመለስ ባትሪ ይዤ ተክሉ ሥር ተንበረከክኩ። መሬት ላይ የተቆረጠመ ፍሬ፣ ቡናማ ሆኖ የደረቀ ቅርፊት፣ የፈሰሰ ጥቁር ዘር። እኔ ቅርንጫፉ ላይ ያለውን አረንጓዴውን ፍሬ ብቻ ነበር የምቆጥረው፤ ከአምናው የቀረ ደረቅ ፍሬ ረግፎ ከቅጠል በታች ተቀብሮ እንደነበር አላየሁም።

አንዱን ከነግንጣዩ አነሳሁ። ፍሬው መቀመጫ ላይ ያ አረንጓዴ ቆብ አልረገፈም። አምስት ጫፍ ያለው ቆብ፣ ፍሬውን ከሥሩ አቅፎ። ወጥ ቤት ገብቼ ከቅርጫት አንድ ቲማቲምና አንድ ቃሪያ አወጣሁ። ሦስቱን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። ያው ቆብ ነው።

በቀይ ያሰመርኩበት ገጽ ላይ ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ ስሙን ብቻ ሳይሆን ገለጻውን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ብሩንፌልሲያ ከድንች ቤተሰብ ውስጥ ካፈነገጡት አንዱ ነው፦ ስታሜኑ አራት ነው፣ ሁለት ረጅም ሁለት አጭር። የድሮ የዕፅዋት ሊቃውንትም በዚሁ ምክንያት ወደ ሌላ ቤተሰብ ሲወስዱትና ሲመልሱት ኖረዋል። እኔ የጣልኩት ምልክት ራሱ መታወቂያው ነበር።

ከዚያ በታች ደግሞ፦ ፍሬውና ዘሩ ለውሻ መርዝ ነው። ብሩንፌልሳሚዲን የሚባል የሚያንቀጠቅጥ ንጥረ ነገር አለበት። ማስነጠስ፣ ማስመለስ፣ የእግር መገተር፣ በድምፅና በመነካት የሚነሳ መንቀጥቀጥ። ከ10 ሰዓት ጀምሮ ያየሁትን በሙሉ ነው የተጻፈው።

ለዶክተሯ ስሙን በጽሑፍ መልእክት ላክሁላቸው። ገና አልተኙም ነበር። «እንዲህ ከሆነ ነገ አይወጣም፣ ቀናት ሊወስድ ይችላል» ብለው መለሱ።

ሰኔ 7

ቡቺ ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ተንዘፍዝፏል። ዛሬ ግን ራሱን ችሎ ውኃ ጠጣ። ነገ ይወጣል። የሕክምና 2,600 ብር።

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ጓሮውን አጸዳሁ። ጓንት፣ መቀስ፣ ባልዲ። ቅርንጫፉ ላይ ያሉትን ፍሬዎች አንድ በአንድ ቆረጥኩ፤ 44። መሬቱን በእጄ እየዳበስኩ ደረቁን ለቀምኩ። ከላይ ያለውን ሦስት ጣት የሚሆን አፈር ከነቅጠሉ ገፍፌ በማዳበሪያ ጆንያ አሰርኩት፣ ከኮምፖስቱ አልቀላቀልኩትም። ሦስት ሜትር የዶሮ ሽቦ ገዝቼ ዙሪያውን አጠርኩ፣ 540 ብር። ልጄን አስቀምጬ «ይቺን አበባ በዓይን እንጂ በእጅ አንነካም» አልኳት። ስድስት ዓመቷ ነው፣ ገብቷታል፤ ከእኔ ይልቅ ውሻውን አይታ ነው የገባት።

ሰኔ 9

ቡቺ ቤት ገብቷል። ሲሄድ እንደ ሰካራም ይወላገዳል። መጋረጃ ዘግተን ሬዲዮ አጥፍተን ነው ያለነው።

ሰኔ 15

ወገኑ ታወቀ፣ ዝርያው ግን ገና ነው። ብሩንፌልሲያ ብዙ ዝርያ አለው። ቀለም እየቀየሩ በየአትክልት ቦታው ከሚተከሉት ውስጥ የኔን የሚመስሉት ሦስት ናቸው፦ ፓውሲፍሎራ፣ አውስትራሊስ፣ ላቲፎሊያ። ሁሉም ከደቡብ አሜሪካ፣ ከብራዚልና ከአካባቢው የመጡ ናቸው።

አሁን የድሮው ማስታወሻ ጠቀመ። አውስትራሊስ አበባው አነስ ያለ ነው፣ ሽታውም ጎልቶ ይታወቃል። ላቲፎሊያም ይሸታል። የኔው 5 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ጠዋት ማታ አሽትቼ ምንም አላገኘሁም። ቆቡ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ፓውሲፍሎራ ቀድሞ ካሊሲና ተብሎም ይጠራ ነበር፤ በዚያ በትልቁ ቆብ የተነሳ ነው ስሙ። ፓውሲፍሎራ የሚለው ደግሞ «ጥቂት አበባ ያለው» ማለት ነው። እኔ መጋቢት ላይ 31 እምቡጥ የቆጠርኩበትን ተክል ጥቂት አበባ ያለው ብሎ የሰየመው ሰው ምናልባት አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ ብቻ ሳይደርሰው አልቀረም።

ብሩንፌልሲያ የተሰየመበት ኦቶ ብሩንፌልስ ጀርመናዊ ነበር። በ1530 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የመድኃኒት ዕፅዋት መጽሐፍ የሚታወቀው በሥዕሎቹ ነው። ሠዓሊው ከድሮ መጽሐፍ ሳይገለብጥ ተክሉን ፊቱ አስቀምጦ፣ የተበላ ቅጠል ካለ የተበላውን፣ የጠወለገ ካለ የጠወለገውን ሣለ። ይህን ካነበብኩ በኋላ እኔም ደብተሬ ላይ ሣልኩት። እጄ ለሥዕል አይደለም፤ ግን ስትሥል ፎቶ ስታነሳ ያላየኸውን ታያለህ። ቱቦው ቀጥ ያለ አለመሆኑን፣ ጉሮሮው ጋ ሲደርስ ጎበጥ ማለቱን ያየሁት ዛሬ ነው።

ሰኔ 19

ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉ ችግኝ ሻጮች ጋ ፎቶ ይዤ ዞርኩ። ሁለቱ አያውቁትም። ሦስተኛው ወዲያው «የስተርደይ ቱዴይ ቱሞሮው!» አለ። ትናንት፣ ዛሬ፣ ነገ ማለት ነው፤ ለሦስቱ ቀለም። አንድ ችግኝ 400 ብር ይሸጣል። ለውሻ መርዝ መሆኑን ታውቃለህ ወይ አልኩት። አያውቅም። ከእሱ የገዙት ሰዎችም አያውቁም ማለት ነው። የቡቺን ነገር ነገርኩት፤ ደንግጦ ችግኞቹን ከፊት ለፊት አንስቶ ወደ ኋላ አስቀመጠ። ለሚገዛው ሰው እነግራለሁ አለኝ።

ሰኔ 26

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ወደሚቀመጡበት፣ ቅርንጫፍ ይዤ ሄድኩ። ቅርንጫፉን የጨመቅኩት በጋዜጣና በካርቶን መሐል ነው፣ ላዩ ላይ 20 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን ጭኜ። መጀመሪያ የሞከርኩት ሻገተ። ጋዜጣውን በየቀኑ መቀየር እንዳለብኝ አላወቅኩም ነበር። ሁለተኛው ጊዜ በየቀኑ ቀየርኩ፣ በስድስተኛው ቀን ደረቀ። ሐምራዊው ግን ጠፍቶ ሁሉም ቡናማ ሆነ። የደረቀ ናሙና ቀለምና ሽታ አይነግርም፤ ስለዚህ ከደብተሬ ቀለሙን፣ ሽታ አለመኖሩን፣ ቁመቱን፣ የተነሳበትን ቦታና ቀን በወረቀት ጽፌ አብሬ አያያዝኩ።

መልሱ ካሰብኩት ጋር ገጠመ፦ ብሩንፌልሲያ ፓውሲፍሎራ። ደብተሬ ላይ ያለውን ቀይ መስመር አላጠፋሁትም። ከጎኑ ቀኑን ጻፍኩበት።

ሐምሌ 5

ስሙ ሲታወቅ የቢጫው ቅጠል ነገርም ተፈታ። ይህ ተክል ኮምጣጣነት ያለው አፈር ነው የሚወደው። አልካላይን፣ ማለትም የኮምጣጣ ተቃራኒ የሆነ አፈር ውስጥ ብረት ቢኖርም ሥሩ መሳብ ያቅተዋል፤ ያኔ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል። የካቲት ላይ የጻፍኩት ቃል በቃል ይኸው ነው። የአፈሩን ኮምጣጣነት የሚለካ የፒኤች ወረቀት ገዛሁ፣ 700 ብር፣ ውድ ነው። አፈሩን በታሸገ የመጠጥ ውኃ በጥብጬ አጥልዬ ለካሁ። 8 አካባቢ፤ ከ7 በላይ ማለት አልካላይን ነው። ከማንጎው ሥር ያለው አፈር ግን 6.5 ወጣ። ሜዳው አንድ ነው፣ ጥጉ ብቻ ለምን?

አከራያችንን አስፈቅጄ ተክሉን ልነቅለው ወሰንኩ። ባለቤቴ «ንቀለውና ጣለው» ባይ ናት፣ አልፈርድባትም፤ ቡቺን ሌሊቱን ሙሉ የጠበቀችው እሷ ናት። በመጨረሻ የተስማማነው ከፊት ለፊት፣ በሩ ጎን፣ ውሻው የማይደርስበት የታጠረ መደብ ላይ ልንተክለው ነው። ዝናብ አለ፣ ደመና ነው፣ ጊዜው ለመንቀል ይሻላል።

ሐምሌ 12

አንድ የቀን ሠራተኛ ያዝኩ፣ 500 ብር። ጋሼ እጃቸው የለመደ ነው። ዙሪያውን 40 ሴንቲ ሜትር ርቀን ስንቆፍር አካፋው ገጭ አለ። ሲሚንቶ። ቤቱ ሲሠራ የተረፈው ቡኬት፣ የኖራ ከረጢት፣ የብሎኬት ስባሪ ሁሉ እዚያ ጥግ ነው የተቀበረው። ጋሼ «ይኼ ምስኪን ኖራ ሲበላ ኖሯል» አሉ። ፒኤቹ 8 የሆነው ለዚህ ነው።

እዚህ ጋ ስህተት ሠራን። ሲሚንቶውን ከሥሩ ለማላቀቅ ስንታገል የአፈሩ ጓል ተሰባብሮ ወደቀ። ብዙ ቀጫጭን ሥር ተበጠሰ። አዲሱ ጉድጓድ 60 በ60 ነው፤ ግማሹን የማንጎው ሥር አፈር፣ ግማሹን ከጥድ ሥር የተጠረገ የበሰበሰ ቅጠል ሞላሁበት። ከሥር ውኃ እንዲያሳልፍ ቀይ አሽ አነጠፍኩ። የቅርንጫፉን ሲሶ ቆረጥኩ፤ የቀረው ሥር ያን ሁሉ ቅጠል አይቀልብም።

ሐምሌ 24

ቅጠሉ ግማሹ ረገፈ። በጆንያ ጥላ ሠራሁለት። የቧንቧ ውኃ ትቼ ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ በርሜል ውስጥ እያጠራቀምኩ በዚያ ነው የማጠጣው። ማዳበሪያ አልነካሁም። ሥር የሌለው ተክል መብላት አይችልም።

ነሐሴ 18

የአንድ ቅርንጫፍ ቅርፊት በጥፍሬ ፋቅኩ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ነው። ሁለቱ ቅርንጫፎች ግን ደርቀዋል፣ ቆረጥኳቸው። ከታች ሦስት አዲስ ቅጠል ወጥቷል፣ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ።

ቡቺ ሙሉ ለሙሉ ድኗል። የባጃጅ ድምፅ ሲሰማ ግን አሁንም ይሸሸጋል።

መስከረም 6፣ 2018

ከጣሪያ ቆርቆሮ የተረፈ ቁራጭ ላይ በቀለም ጻፍኩና ሽቦው ላይ አሰርኩት፦ «ብሩንፌልሲያ ፓውሲፍሎራ። አበባው ያምራል። ፍሬውና ዘሩ መርዝ ነው፣ ውሻና ሕፃን እንዳይነካው።»

ከሰዓት እማማ ለእንቁጣጣሽ ያላደረሱትን ድፎ ይዘው መጡ። በሩ ጋ ቆመው ጽሑፉን ቀስ ብለው አነበቡት። ከዚያ የትኛው አበባ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ፎቶውን በስልኬ አሳየኋቸው። «እንዴ፣ ይቺማ እኛ ወጥ ቤት ጀርባም አለች። መጋቢት ላይ ስታብብ ያንተን ያየሁ ጊዜ ነው ልብ ያልኳት። ፍሬዋ ጢም ብሏል» አሉኝ። ባለፈው ሳምንት ልጃቸው ቡችላ አምጥቶላቸዋል።

አብረን ሄደን አየናት። ከኔ የምትበልጥ ናት፣ ሁለት ሜትር ትሆናለች፤ ቡችላው ገና በሽቦ ሳጥን ውስጥ ነው። ሲመሽብን ፍሬውን ሁሉ መልቀም አልቻልንም። ሳጥኑን ወደ ዋናው ቤት አስገባነው። ጓንቱን፣ መቀሱንና ባልዲውን በር ላይ አስቀምጫለሁ፣ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እሄዳለሁ።